ባክቴሪያው ተኝቷል ወይስ እየሞተ እየተተካ ነው? በሰው አካል ውስጥ ያለ ኢንፌክሽንን በሂሳብ ለምትጀምሩ

ሂሳብ ተምረው ወደ በሽታ ሞዴል መግባት የሚፈልጉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ "ከየት ልጀምር?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔ የማስተርስ ቴሲሴን የሠራሁት በዚሁ ላይ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ እንዴት እንደሚራባ፣ የሰውነት መከላከያ እንዴት እንደሚይዘው፣ መድኃኒት ሲጨመር ደግሞ ምን እንደሚፈጠር። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። የጤና ባለሙያ ሆናችሁ ሂሳቡ የሚያስፈራችሁም ብትሆኑ አንብቡት፤ ከማባዛትና ከማካፈል ብዙ አልርቅም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። እኛ አገር "የበሽታ ሞዴል" ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚዛመት ነው። ያልተያዘ፣ የታመመ፣ የዳነ ተብሎ ሕዝቡ ይከፈላል፣ ቀመር ይጻፍለታል። ጠቃሚ ነው፤ ግን በዚህ ርዕስ የተጻፈው ቴሲስ ቢሰበሰብ መደርደሪያ አይበቃውም። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ነው። እዚህ የምንቆጥረው ሰው ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ ቦታውም የአንድ ሰው ሰውነት ነው። በዚህ በኩል ገና ብዙ ያልተነካ ሥራ አለ። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ስለሆነች በሽታውን መምረጥ አላስቸገረኝም።

ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት ፍጥነቱን እወቁ። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ምግብ በሞላበት፣ በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን ወደ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ቀርፋፋ ነው፤ ሆኖም አይናቅም። እጥፍ ለመሆን ሙሉ ቀን ይፈጅበታል ብንል እንኳን፣ ማንም ካልነካው አንዱ ባክቴሪያ በ30 ቀን ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። ፍጥነቱን ወደ ቀመር ለማስገባት 0.693ን (የ2 ናቹራል ሎግ ነው) ባክቴሪያው እጥፍ ለመሆን ለሚፈጅበት ጊዜ ማካፈል ነው። 20 ሰዓት ከሆነ 0.035 በሰዓት፣ ወይም 0.83 በቀን ይሆናል። መድኃኒቱ የራሱ ሰዓት አለው፤ ኢሶኒያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት እንደ ሰውየው ተፈጥሮ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ሕክምናው ደግሞ 6 ወር ነው። ሰዓት፣ ቀን፣ ወር አንድ ቀመር ውስጥ ይገናኛሉ ማለት ነው። ውጤታችሁ እብድ ነገር ሲያሳይ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህንን ይሁን፤ በሰዓት የተለካ ቁጥር በቀን ከተለካ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ሞዴላችሁ አንድ መስመር ይሁን። የባክቴሪያው ብዛት የሚለወጥበት ፍጥነት እኩል ይሆናል (የመራባት ፍጥነት ሲቀነስ የመገደል ፍጥነት) ሲባዛ በአሁኑ ብዛት። የመገደል ፍጥነቱ በኒውትሮፊል ቁጥር ይወሰን፤ ኒውትሮፊል ባክቴሪያ ከሚውጡት ነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው። በቃ።

ከዚህች መስመር ግን ትልቅ ነገር ይወጣል። ቅንፉ ውስጥ ያለው ከዜሮ በላይ ከሆነ ባክቴሪያው ያድጋል፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ያልቃል። ስለዚህ የኒውትሮፊሉ ቁጥር ከሆነ ወሰን በታች ሲወርድ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ይህንን የሰው ኒውትሮፊልን ቆዳ ላይ ከሚገኝ፣ ስታፊሎኮከስ ከሚባል የባክቴሪያ ዝርያ ጋር ቀላቅሎ ሞክሮታል። ወሰኑ በአንድ ሚሊሊትር ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ኒውትሮፊል አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሐኪም ጠይቁ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኒውትሮፊሉ በአንድ ማይክሮሊትር ከ500 በታች ሲሆን ለከባድ ኢንፌክሽን ተጋልጧል ይባላል። ወደ ሚሊሊትር ስትቀይሩት 500 ሺህ ነው። ዎርድ ውስጥ በልምድ የተደረሰበት ቁጥርና ከአንድ መስመር ቀመር የወጣው ሐሳብ ጎን ለጎን ቆመው አገኘኋቸው። በዚህ ሥራ የተያዝኩት ያኔ ነው መሰለኝ።

ቀጥሎ አንድ ማሻሻያ ብቻ ጨምሩ። ኒውትሮፊል መዋጥ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ባክቴሪያው ሲበዛበት እጁ ይሞላል። ይህንን ስታስገቡ ሞዴሉ ጠባዩን ይለውጣል። ያው ሰው፣ ያው መከላከያ፣ ግን የገባው ባክቴሪያ ጥቂት ከሆነ ያጸዳዋል፤ ብዙ ከሆነ ይሸነፋል። ዕጣው በመነሻው ቁጥር ይወሰናል። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ የታይፎይድ ጥናት አለ። 100 ሺህ ባክቴሪያ ከጠጡት ውስጥ ሩብ ያህሉ፣ 10 ሚሊዮን ከጠጡት ግማሽ ያህሉ፣ 1 ቢሊዮን ከጠጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ታመሙ። ወሰኑ እንደ ሞዴሉ ቁልጭ ብሎ አልወጣም፤ ሰው ከሰው ይለያያል፣ ዕድልም አለ። ወደ ዕድሉ እመለሳለሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ።

የቲቢ ሞዴሌ ግራፍ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ መከላከያው ሲነቃ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ጠፍጣፋ መስመር ነው። በሙከራ አይጦች ሳንባ ውስጥ የሚታየውም ይኸው ነው። ግራፉን የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ለሆኑ አንድ ዶክተር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ላይ አደረጉና "ይሄ ጠፍጣፋው ምንድነው? ተኝተው ነው ወይስ እየሞቱ እየተተኩ?" አሉኝ። ሁለቱም ያው መስመር እንደሚሰጡ ነገርኳቸው። "ለአንቺ ያው ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሰማይና ምድር ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ኢሶኒያዚድ በዋናነት የሚገድለው የሚራባውን ባክቴሪያ ነው። የማይራባ ከሆነ ብዙም አይነካውም።

ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። ሲነሳ 12 ሰው ነበረው። ሲደርስም 12 ነው። መንገድ ላይ ማንም አልወረደም? ወይስ በየፌርማታው ወርደው ሌሎች ተሳፈሩ? መጨረሻ ላይ ቆማችሁ ጭንቅላት ብትቆጥሩ በፍጹም አታውቁም። ባክቴሪያ መቁጠርም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ የሚሰጣችሁ የመራባትና የመሞት ልዩነቱን ብቻ ነው። ሁለቱን ለየብቻ አይሰጣችሁም። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ለይቶ ገምቶ ሊያመጣላችሁ ይችላል፤ እስከ አራት ዴሲማል ድረስ ይጽፍላችኋል። አትመኑት። መነሻ ግምታችሁን ቀይራችሁ እንደገና ብታስሮጡት ሌላ ጥንድ ቁጥር ያመጣል፤ መስመሩ ግን ያው ይሆናል።

መፍትሔው ሌላ ቀመር አይደለም፤ ሌላ ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህንን ለቲቢ እንዴት እንደፈታው ልንገራችሁ፤ ብልሃቱ እስካሁን ያስደስተኛል። የቲቢ ባክቴሪያ ውስጥ ፕላዝሚድ የተባለ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ያስገቡበታል። ይህ ፕላዝሚድ እንከን አለበት፤ ባክቴሪያው በተከፈለ ቁጥር ከልጆቹ የተወሰኑት ሳይደርሳቸው ይቀራል። የሚጠፋበት መጠን አስቀድሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ይለካል። ከዚያ አይጦቹን በዚህ ባክቴሪያ ያስይዟቸዋል። በየጊዜው ከሳንባ ወስደው ሁለት ነገር ይቆጥራሉ፤ ጠቅላላ ባክቴሪያውንና ፕላዝሚዱ ያለበትን። ፕላዝሚዱ ባክቴሪያው ካናማይሲን የተባለውን መድኃኒት እንዲቋቋም ያደርገዋል፤ ስለዚህ ካናማይሲን ባለበትና በሌለበት ሳህን ላይ አብቅሎ ማወዳደር ይበቃል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ካልተከፈለ ፕላዝሚድ ያለው ድርሻ አይቀንስም። በፍጥነት ከተከፈለ በፍጥነት ይቀንሳል። ሞት ግን ፕላዝሚድ ያለውንም የሌለውንም እኩል ይነካል ተብሎ ስለሚታሰብ ድርሻውን አያዛባም። ስለዚህ የድርሻው መውረድ የመራባት ፍጥነትን ለብቻው ይሰጣል። ከጠቅላላው ቁጥር ልዩነቱን ታውቃላችሁ። ስትቀንሱ የመሞት ፍጥነት ይወጣል። ሁለት ያልታወቁ ነገሮች፣ ሁለት ልኬቶች።

መልሱስ? ጠፍጣፋው መስመር እንቅልፍ አልነበረም። ፍጥነቱ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢቀንስም ባክቴሪያው መከፈሉን አላቆመም፤ መከላከያውም መግደሉን አላቆመም። ይህ በአይጥ ላይ ነው፤ የሰው ድብቅ ቲቢ የግድ እንዲሁ ነው ማለት አይደለም። ለዶክተሯ ግን መልስ ይዤ ሄድኩ።

ቴሲሴን የቀረጸው ይህ ነው። ምክሬም እዚህ ላይ ነው። ባለ አሥራ ምናምን ቀመር ሞዴል ጽፋችሁ ፓራሜትሩን ከየወረቀቱ ለቃቅማችሁ ከመሙላታችሁ በፊት፣ እያንዳንዱን ቁጥር የትኛው ልኬት እንደሚሰጣችሁ ጻፉ። መልስ የሌለውን አውጡት፣ ወይም ከሌላው ጋር አዋህዱት። ትልልቅ ሞዴሎች የሉም እያልኩ አይደለም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዴኒስ ኪርሽነር ቡድን ማክሮፋጅንና ቲ ሴልን (ሁለቱም የመከላከያ ሴሎች ናቸው)፣ ሳይቶካይንን (ሴሎቹ የሚላላኩበትን ፕሮቲን) ሁሉ የያዘ ሞዴል ሠርቷል፤ በኋላም ግራኑሎማን፣ ማለትም ሰውነት ባክቴሪያውን የሚከብበትን የሴሎች ክምችት፣ ሴል በሴል የሚከተል ሞዴል አምጥቷል። አንብቡት። ግን እነሱ ለረጅም ዓመታት ከሙከራ ባለሙያዎች ጋር አብረው ሠርተዋል። እናንተ ያላችሁ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ሴሚስተር ነው።

መራባትና መሞትን መለየት ለመድኃኒት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ዕድልም የሚወሰነው በዚሁ ነው። የተለመደው ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ባክቴሪያን እንደ ውሃ ያየዋል፤ 0.3 ባክቴሪያ ለሱ ችግር የለበትም። 0.0001 ላይ ደርሶ ተመልሶ ሊያድግም ይችላል። እውነተኛ ባክቴሪያ ግን ወይ አለ ወይ የለም። ቁጥሩ ጥቂት ሲሆን ዕድልን የሚያሰላ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ዳንኤል ጊለስፒ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው ስሌት ኮድ ለማድረግ ሃያ መስመር አይሞላም።

በእጅ የምትፈትሹት ምሳሌ እነሆ። አንዱ ባክቴሪያ በቀን በ0.6 ይራባል፣ በ0.1 ይሞታል። ሌላው በ2.5 ይራባል፣ በ2 ይሞታል። ልዩነታቸው ሁለቱም ጋ 0.5 ነው፤ አማካይ ግራፋቸው አንድ ነው። ዘሩ ጨርሶ የመጥፋቱ ዕድል ግን መሞቱ ለመራባቱ ሲካፈል ነው፤ ለመጀመሪያው አንድ ስድስተኛ፣ ለሁለተኛው 0.8። ከ10 ባክቴሪያ ብንጀምር ይህንን ዕድል አሥር ጊዜ በራሱ እናባዛዋለን። የመጀመሪያው የመጥፋት ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም። ሁለተኛው ከአሥር ጊዜ አንዴ ያህል በራሱ ይጠፋል። ግራፉ አንድ፣ ዕጣው ለየቅል።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ማካክ በተባሉ ጦጣዎች ላይ የተሠሩ የቲቢ ጥናቶች አብዛኛው ግራኑሎማ ከአንድ ባክቴሪያ እንደሚነሳ አሳይተዋል። በአንዱ እንስሳ ሳንባ ውስጥም አንዱ ግራኑሎማ ሙሉ በሙሉ ሲጸዳ ጎረቤቱ ሊያድግ ይችላል። "ይህ ሰው መከላከያው ጠንካራ ነው ወይስ ደካማ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ አንድ መለማመጃ ልስጣችሁ። ቁጥሮቹን ለትምህርት ብዬ የመረጥኳቸው ናቸው፤ ከማንም በሽተኛ የተወሰዱ አይደሉም። ሳንባ ውስጥ 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ አለ። 99 በመቶው ንቁ ነው፤ መድኃኒቱ በቀን በ1.6 ፍጥነት ይገድለዋል። 1 በመቶው ቀዝቅዟል፤ የሚሞተው በ0.1 ፍጥነት ብቻ ነው። ንቁው ክፍል በ12 ቀን ገደማ ያልቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጠቅላላው 99.7 በመቶ በላይ ሞቷል። ሳሉ ቀነሰ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ምግብ ተበላ። የቀረው ግን ወደ 250 ሺህ ነው። የቀዘቀዙት በዚህ ፍጥነት ከአንድ በታች ለመውረድ ሕክምናው ከተጀመረበት ቀን አንስቶ 138 ቀን ይፈጅባቸዋል፤ አራት ወር ተኩል መሆኑ ነው። ናይሮቢ ውስጥ በበሽተኞች አክታ ላይ ባክቴሪያ እየተቆጠረ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው ጥናትም ይህንኑ ቅርጽ አሳይቷል፤ ኢሶኒያዚድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቁጥሩን ቁልቁል ያወርደዋል፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ይላላል።

አንድ መድኃኒት ብቻውን የማይሰጠውም በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው። ባክቴሪያው በአንድ መከፈል በተፈጥሮ ለኢሶኒያዚድ የማይበገር የመሆን ዕድሉ ከ100 ሚሊዮን አንድ ገደማ፣ ለሌላው የቲቢ መድኃኒት ለሪፋምፒሲን ደግሞ ከ10 ቢሊዮን አንድ ገደማ ነው። 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ ያለበት ሳንባ ኢሶኒያዚድን የሚቋቋሙ ቢያንስ አሥር ያህል አስቀድሞ ይዟል። ሁለቱንም የሚቋቋም የመገኘቱ ዕድል ግን በዚህ ቀላል ስሌት ከቢሊዮን አንድ ገደማ ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሙከራ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ብዙ በሽተኞች ላይ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ታይቷል። ዛሬ ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር በሁለት የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ማሳሰቢያ፦ የእናንተ ሞዴል መድኃኒት አያዝም። ዘመድ "ስንት ወር ልውሰድ?" ብሎ ቢጠይቃችሁ ወደ ሐኪሙ ላኩት።

ስለ ኮዱ ብዙ አልልም። ፓይተን ነፃ ነው፤ አንዴ ኢንተርኔት ባለበት ጫኑት እንጂ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሳይፓይ የተባለው ጥቅል ውስጥ ቀመር የሚፈታ አለ። የመድኃኒቱን ሰዓትና የሕክምናውን ወር አንድ ላይ ስታስገቡ በተለመደው ዘዴ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል፤ ራዳው ወይም ኤልኤስኦዲኤ የሚባለውን ምረጡ። የባክቴሪያውን ቁጥር በቀጥታ ከመፍታት ሎጉን መፍታትም ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ረዥም ስሌት ሲሮጥ ውጤቱን በየመሃሉ ፋይል ላይ ይጻፍ። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

የሚያለፋው መረጃ ማግኘቱ ነው። ከታተመ ግራፍ ላይ ነጥቦችን የሚያነቡ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ዘንጉ ሎግ መሆኑን ለሶፍትዌሩ መንገር አትርሱ። ሰንጠረዥ ውስጥ ዜሮ ስታዩም ተጠንቀቁ። "ዜሮ ባክቴሪያ" ማለት አብዛኛውን ጊዜ "ከምንለካው በታች" ማለት ነው፤ እንደ እውነተኛ ዜሮ ካስገባችሁት ሞዴሉ በሽተኛው ቶሎ የዳነ ያስመስለዋል። ከግራፍ ማንበብ ካልበቃችሁ ለጥናቱ ባለቤቶች ኢሜይል ጻፉ። አጭር ይሁን፤ የትኛውን ግራፍ፣ ለምን እንደምትፈልጉት በሦስት መስመር። አንዳንዶች ሙሉ የኤክሴል ፋይል ልከውልኛል፤ ዝም ያሉም አሉ። ትልቁ ፕሮፌሰር ካልመለሰ በወረቀቱ ላይ ስሙ መጀመሪያ የተጻፈውን ሰው ሞክሩ። ሥራውን በእጁ የሠራው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ፋይሉም ያለው እሱ ላፕቶፕ ላይ ነው።